የማባበያ ቦታ አዘጋጅቶ ካዮቲን በወጥመድ የመያዝ መመሪያ፦ በቴክሳስ ፍየልና በግ ለሚያረቡ

በዳላስ፣ በሂዩስተንና በኦስቲን ዙሪያ መሬት ገዝተው ወይም ተከራይተው ፍየልና በግ የሚያረቡ ወገኖች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ። ካዮቲ (ተኩላን የሚመስል፣ ከተኩላ ግን የሚያንስ የአሜሪካ የዱር እንስሳ) ግልገል እየገደለ ሲያስቸግራቸው ሥጋ ሜዳ ላይ ያስቀምጡና ወጥመዱን ከሥጋው አጠገብ ይቀብራሉ፤ በማግስቱ የሚያገኙት ግን ጥንብ አንሳ፣ ራኩን ወይም የጎረቤት ውሻ ነው፤ የካዮቲው ዱካ ደግሞ ቦታውን ከሩቅ ዞሮ መሄዱን ያሳያል። ስሕተቱ ያለው ከወጥመዱ ጥራት ሳይሆን ከአቀማመጡ ነው። ማባበያው ካዮቲውን ወደ አካባቢው ያመጣዋል፤ ወጥመዱ ደግሞ እንስሳው ወደ ማባበያው ሲቀርብ በሚያልፍበት ስፍራ ይጠብቀዋል። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ሲቀመጡ ለጥንብ የሚመጣው ሁሉ ካዮቲው ከመድረሱ በፊት ወጥመዱን ይረግጣል።

ከመጀመርዎ በፊት

በመጀመሪያ ግልገሉን የገደለው በእርግጥ ካዮቲ መሆኑን ያረጋግጡ። ካዮቲ አብዛኛውን ጊዜ ከመንጋጋ ሥር ጉሮሮ ይዞ ያንቃል፤ ከዚያም ሆድ ዕቃውን ቀዶ ይበላል። ውሻ ግን ጭንን፣ ጆሮንና ጎንን እየነከሰ ብዙ እንስሳትን ያቆስላል፤ የሚበላውም ጥቂት ነው። የሞተውን እንስሳ የአንገት ቆዳ ገፈው ቢመለከቱ የጥርሱን ቀዳዳና በዙሪያው የረጋውን ደም ያገኛሉ። ደም ያልቋጠረ ቀዳዳ ካዩ እንስሳው በሌላ ምክንያት ከሞተ በኋላ የተበላ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ መፈለግ ያለብዎት የሞቱን መንስኤ ነው። ዱካውም ይረዳል፦ የካዮቲ ዱካ ሞላላና ጠባብ ሆኖ ርዝመቱ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የውሻ ግን ክብና ጣቶቹ የተበተኑ ናቸው።

ቀጥሎ ሕጉን ይወቁ። በቴክሳስ መንጋ የሚያጠቃን ካዮቲ ለመከላከል የአደን ፈቃድ አይጠየቅም፤ ቆዳውን ለመሸጥ ካሰቡ ግን ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ የቴክሳስ ፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤትን አስቀድመው ይጠይቁ። በሌላ ሰው መሬት ላይ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወጥመድ ማስቀመጥ ክልክል ነው። መሬቱን የተከራዩ ከሆነም የኪራይ ውልዎ ግጦሽን ብቻ የሚፈቅድ ሊሆን ስለሚችል አከራይዎን በጽሑፍ ያስፈቅዱ። ይህን መመሪያ ከቴክሳስ ውጭ የሚያነብ ሰው የሚኖርበትን ስቴት ደንብ ሳያይ እንዳይጀምር አደራ እላለሁ። ኮሎራዶ፣ ካሊፎርኒያና ማሳቹሴትስ የእግር ወጥመድን በእጅጉ ይገድባሉ። በሚኒሶታ ከላይ የሚበር ወፍ ሊያየው ከሚችል ማባበያ በ20 ጫማ ውስጥ፣ በሞንታናና በአይዳሆ ደግሞ በ30 ጫማ ውስጥ የእግር ወጥመድ ማስቀመጥ አይፈቀድም።

ወቅቱን በተመለከተ የማባበያ ቦታ በደንብ የሚሠራው ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ባለው ብርድ ወቅት ነው። በዚያን ጊዜ አይጡና ጥንቸሉ ስለሚቀንስ ካዮቲ ለምግብ ይንከራተታል፤ ሥጋውም ቶሎ አይበላሽም። በቴክሳስ በጋ ሥጋ በአንድ ቀን ይተላል፤ የተያዘ እንስሳም በሙቀት ይሠቃያል። በጋ ላይ ችግር ከገጠመዎት የሥጋ ማባበያውን ትተው የሽታ ማባበያ ብቻ ቢጠቀሙ ይሻላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ከ2 እስከ 4 የሚሆኑ ባለ ጥቅል ስፕሪንግ የእግር ወጥመዶች፤ ቁጥር 2 ወይም ቁጥር 3፤ የመንጋጋቸው ስፋት ከ5 ተኩል እስከ 6 ኢንች። መንጋጋዎቹ ሲዘጉ በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት የሚተው ወይም ጎማ የለበሱ ይሁኑ፤ ጥርስ ያለው ወጥመድ አይግዙ።
- ለእያንዳንዱ ወጥመድ አጭር ሰንሰለትና ቢያንስ ሁለት ተሽከርካሪ ማያያዣ
- ከ60 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ የብረት ችካል (ለአሸዋማ መሬት ለአንድ ወጥመድ ሁለት) እና ከባድ መዶሻ
- የእጅ መቆፈሪያ፣ የሽቦ ወንፊት፣ ደረቅ የተነፋ አፈር የያዘ ክዳን ያለው ባልዲ
- ለዚህ ሥራ ብቻ የሚለይ የጎማ ጓንትና የጎማ ቦቲ፣ ለመንበርከኪያ የሚሆን ሸራ
- ከ5 እስከ 10 ኪሎ የሚሆን ሥጋ ወይም የእርድ ትርፍራፊ
- ከወጥመድ ሻጮች የሚገኝ የካዮቲ ሽንትና የሽታ ማባበያ
- በእንቅስቃሴ የሚያነሣ ካሜራ
- ወፍራም ብርድ ልብስና ባለ ገመድ የውሻ መያዣ ዘንግ፤ የማይፈለግ እንስሳ ለመልቀቅ

ስለ ሥጋው አንድ ነገር ልጨምር። ለፋሲካም ሆነ ለአረፋ ብዙ ፍየል የሚታረድበት እርሻ ሆድ ዕቃ፣ ጭንቅላትና ሰኮና ይተርፈዋል፤ ይህም ጥሩ ማባበያ ነው። ሆኖም ይኸው ትርፍራፊ ከበረቱ ጀርባ ሲጣል ካዮቲውን ወደ ግልገሎቹ የሚጠራ ሁለተኛ የማባበያ ቦታ ይሆናል። ስለዚህ የሚጠቀሙበትን በማቀዝቀዣ ያስቀምጡ፤ ቀሪውን በጥልቀት ይቅበሩ። በእንስሳት ሐኪም መርፌ እንዲሞት የተደረገን እንስሳ ለማባበያ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ መድኃኒቱ በሥጋው ውስጥ ስለሚቆይ የሚበላውን ውሻና ንስር ይገድላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በማባበያው ላይ መርዝ፣ የመኪና ማቀዝቀዣ ፈሳሽም ሆነ ማንኛውንም ኬሚካል አያድርጉ። በአገር ቤት ለጅብ ሲባል ጥንብ ላይ መርዝ ሲደረግ ያዩ ሰዎች ይህን ሐሳብ ሲያነሡ እሰማለሁ፤ በአሜሪካ ግን ከባድ ወንጀል ነው። ጥንብ አንሳም ሆነ ንስር በፌዴራል ሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ የሚሞተው የራስዎ የመንጋ ጠባቂ ውሻ ነው።

አሠራሩ

1. መንገዳቸውን ያጥኑ። ካዮቲ በዘፈቀደ አይሄድም፤ የደረቀ የወንዝ መውረጃን፣ የአጥር ጥግን፣ የትራክተር መንገድንና የጫካ ዳርን ተከትሎ ይጓዛል። ዝናብ በጣለ ማግስት እነዚህን ቦታዎች ዞረው ዱካና ፀጉር የበዛበትን ኩስ ይፈልጉ፤ በአጥር ሥር ሾልኮ የሚገባበትን ቀዳዳም ሽቦው ላይ ከተያዘው ፀጉር ያውቁታል። ሁለት መንገዶች የሚገናኙበትን ስፍራ ምልክት ያድርጉበት፤ የሚቀጥለው እርምጃ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

2. የማባበያውን ቦታ ይምረጡ። ቦታው ካገኙት መንገድ ብዙ ያልራቀ፣ ከመውለጃ በረቱ ግን ቢያንስ 300 ሜትር የሚርቅ ይሁን። ለበረቱ የሚቀርብ ከሆነ ካዮቲው ምግብ በሚያገኝበት ሰዓት የግልገል ድምፅም መስማት ይለምዳል። ከመኖሪያ ቤት፣ ከሕዝብ መንገድና ውሻ ከሚመላለስበት አጥርም ይራቁ። ማባበያው ራሱ ቁጥቋጦ ሥር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዙሪያው ግን እንስሳው ሳይፈራ እንዲቀርብ አጭር ሣር ያለበትና ገላጣ መሆን አለበት።

3. ማባበያውን በጉድጓድ ውስጥ ያድርጉ። ስፋቱ 25፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጉድጓድ ቆፍረው ሥጋውን በመቆራረጥ ይጨምሩበት፤ አፉን በከባድ ግንድ ወይም በችካል በታሰረ ጠንካራ የሽቦ መረብ ይሸፍኑትና ቅርንጫፍ ይደርቡበት። ይህ ሦስት ነገር ያስገኝልዎታል፦ ጥንብ አንሳ ሥጋውን ከላይ አያየውም፤ የዱር አሳማና ካዮቲ በአንድ ጊዜ ጎትተው አይወስዱትም፤ ሽታው ግን ቀስ እያለ ለብዙ ቀን ይወጣል። ካዮቲው ትንሽ ትንሽ ለማውጣት ሲታገል ቦታው ላይ ይቆያል፣ ይመላለሳል፤ ጠግቦ የሄደ ካዮቲ ግን ለቀናት ላይመለስ ይችላል። የእሳት ጉንዳን ጎጆ ካለበት ቦታ ይራቁ፤ ጉንዳኑ ሥጋውንም፣ በኋላ የሚያዘውን እንስሳም ይወርራል።

4. ወጥመድ ሳያስቀምጡ ይጠብቁ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ማባበያው ብቻውን ይቆይ። ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ይህ ነው፤ ውጤቱን የሚወስነው ግን እርሱ ነው። ካዮቲ አዲስ ነገር ሲያይ መጀመሪያ ከሩቅ ይዞራል፣ ከነፋሱ በታች ቆሞ ያሸታል፤ ድፍረት የሚያገኘው ከተደጋገመ በኋላ ነው። ካሜራውን ከፍ አድርገው ዛፍ ላይ ያስሩና ሁለት ጥያቄ እንዲመልስልዎ ያድርጉ፦ የሚመጣው ማን ነው? በየት አቅጣጫስ ይገባል? የጎረቤት ውሻ በየሌሊቱ እየመጣ ከሆነ ወጥመድ ሳያስቀምጡ ቦታውን ይቀይሩ። ሥጋ ለመጨመር ሲሄዱ በቀን፣ በአንድ መንገድና በተለመደው የእርሻ መኪናዎ ይሂዱ፤ ካዮቲ በየቀኑ የሚያሸተው መኪና አያስደነግጠውም።

5. በዚህ መሐል ወጥመዶቹን ያዘጋጁ። አዲስ ወጥመድ የፋብሪካ ዘይት ስላለው በሳሙና አጥበው በንጹሕ ውኃ ይቀቅሉት፤ ቀለል ያለ ዝገት እስኪይዝ ደጅ ይተዉትና በወጥመድ ቀለም እንደገና ይቀቅሉት። ቀለሙ ዝገቱ እንዳይቀጥል ይከላከላል፤ አዲስ ብረት የሚሰጠውን ሽታም ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይንኩት፤ ከነዳጅ ጣሳ ጋርም በአንድ መኪና አይጫኑት። መርገጫው (እንስሳው ሲረግጠው ወጥመዱን የሚያስፈነጥረው የመሐል ሳህን) ከ1 ተኩል እስከ 2 ኪሎ የሚደርስ ክብደት ሲያርፍበት ብቻ እንዲለቅ አድርገው ያጥብቁት። በዚህ መጠን ሲጠብቅ እንደ ስካንክ፣ ፖሰምና ጥንቸል ያሉ ትናንሽ እንስሳት ሳይያዙ ያልፋሉ።

6. የወጥመዶቹን ቦታ ይወስኑ። ከማባበያው ከ10 እስከ 30 ሜትር ርቀት ላይ፣ ካሜራውና ዱካው ባሳዩዎት መግቢያ ላይ ያድርጓቸው። ነፋስ እዚህ ላይ ዋናው ነገር ነው፤ ካዮቲ ወደ ሽታ የሚቀርበው ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ ነው። በሰሜን ቴክሳስ ነፋሱ አብዛኛውን ቀን ከደቡብ ይነፍሳል፤ ቀዝቃዛ አየር ሲገባ ደግሞ ከሰሜን ይመጣል። ስለዚህ ከማባበያው በስተሰሜን ሁለት፣ በስተደቡብ አንድ ወይም ሁለት ወጥመድ ቢያስቀምጡ ነፋሱ ቢዞርም አይቸገሩም። ወጥመዱን መንገዱ መሐል አይቅበሩት፤ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ጎን ያውጡት። አጋዘን፣ ላምና ሰው የሚረግጡት የመንገዱን መሐል ነው፤ ካዮቲ ግን ሽታ ለመመርመር ወደ ጎን ይወጣል።

7. ችካሉን ይምቱ። ሸራዎን አንጥፈው በላዩ ላይ ይንበርከኩ፤ የጉልበትዎ ላብ መሬቱ ላይ መቅረት የለበትም። የወጥመዱን ቅርጽ የሚያህል፣ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው መደብ ይቆፍሩና ችካሉን መሐሉ ላይ ከመሬቱ እኩል እስኪሆን ድረስ ይምቱት። በምሥራቅ ቴክሳስ አሸዋማ አፈር ላይ ሁለት ችካል በኤክስ ቅርጽ አዘንብለው ይምቱ። ችካል ነቅሎ ወጥመድ ይዞ የሚሄድ እንስሳ ጫካ ውስጥ በሥቃይ ይሞታል፤ ስለዚህ በሙሉ ኃይልዎ ስበው ሳይፈትኑት አይለፉ። ሰንሰለቱ አጭር፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ረጅም ሰንሰለት እንስሳው ተንደርድሮ እግሩን እንዲጎዳ ያደርጋል።

8. የማሽተቻውን ጉድጓድና ወጥመዱን ያሰናዱ። ከመደቡ ራስጌ 7 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ወደ ውስጥ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ቀዳዳ ይቆፍሩ፤ ሌላ እንስሳ ምግብ የቀበረበትን ጉድጓድ ይመስላል። የወጥመዱ መርገጫ ከቀዳዳው አፍ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ ከመሐል መሥመሩም 4 ሴንቲ ሜትር ወደ አንድ ጎን መሆን አለበት። ምክንያቱም ካዮቲ ሲያሸት አፍንጫውን ከቀዳዳው ትይዩ ያደርጋል፤ የፊት እግሮቹ ግን የሚያርፉት ከመሐሉ ግራና ቀኝ ነው። ወጥመዱን ካስቀመጡ በኋላ ጠርዙን በጣትዎ እየተጫኑ ይፈትኑት። በየትኛውም በኩል ቢነቃነቅ አፈር እየጠቀጠቁ ያጽኑት፤ ካዮቲ ከእግሩ ሥር የሚነቃነቅ ነገር ሲሰማው ወይ ይሸሻል፣ ወይ ቆፍሮ ያወጣዋል። መርገጫው ሥር አፈር እንዳይገባ በቀጭን ጨርቅ ወይም በወንፊት ሽቦ ከሸፈኑ በኋላ ከባልዲው ደረቅ አፈር እየነፉ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ሽፋን ያልብሱት። በዳላስ አካባቢ ያለው ጥቁር መሬት ሲረጥብ እንደ ጭቃ ምርጊት ይጣበቃል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የቆፈሩትን አፈር መልሰው አይጠቀሙበት፤ ከቦታው አርቀው ይበትኑት።

ማስጠንቀቂያ፦ ወጥመዱን የሚያጠምዱት ከመሬት ላይ ሆኖ እጅዎ ከመንጋጋዎቹ በታች ሲሆን ነው። ከላይ ሆነው መርገጫውን በጣትዎ አያስተካክሉ፤ የመለቀቂያው መቆለፊያ ካለውም ሸፍነው እስኪጨርሱ ይዝጉት።

9. ሽታ ይጨምሩ። ከማባበያው ሥጋ የአውራ ጣት የሚያህል ቁራጭ በቀዳዳው ውስጥ ይክተቱ፤ በላዩ ጥቂት ደረቅ ሣር፣ በሣሩ ላይ ጥቂት ጠብታ የሽታ ማባበያ ያድርጉ። ከቀዳዳው ጀርባ ባለ ጉቶ ወይም የሣር ጉብታ ላይ ሽንቱን ይርጩ። ሽንቱ ሌላ ካዮቲ እዚህ እንደቆመ ስለሚናገር ጥርጣሬን ያስወግዳል። ብዛት አይጠቅምም፤ የሽታ ጎርፍ ካዮቲን ያጠራጥረዋል። በመጨረሻ በቀዳዳው ግራና ቀኝ እንቁላል የሚያህል ድንጋይ ያኑሩ፤ እንስሳው ድንጋይ መርገጥ ስለማይወድ እግሩን ወደ መርገጫው ያመጣል።

10. በየዕለቱ ጎሕ ሲቀድ ይጎብኙ። ቴክሳስ ፀጉራቸው ለሚፈለግ እንስሳት የተቀመጡ ወጥመዶች ቢበዛ በ36 ሰዓት አንድ ጊዜ እንዲታዩ ያዛል፤ እኔ ግን ከ24 ሰዓት እንዳያሳልፉ እመክራለሁ። ካዮቲ የሚንቀሳቀሰው ሌሊት ስለሆነ በማለዳ የሚጎበኝ ሰው የእንስሳውን ሥቃይ ያሳጥራል፤ የተያዘ ውሻ ካለም ሳይጎዳ ይደርስለታል። ባዶ ከሆነ አይጠጉት፤ በርቀት በመነጽር አይተው ይመለሱ። በየቀኑ መጎብኘት የማይችሉበት ሳምንት ካለ ወጥመዶቹን ዘግተው ይተዉ።

11. ሲያዝ። በስተርቀት ቆመው የተያዘው ምን እንደሆነ ይለዩ። ካዮቲ ከሆነ በ22 ካሊበር ጠመንጃ ወደ ጭንቅላቱ አንድ ጊዜ በትክክል በመተኮስ ወዲያው መግደል ከሁሉ ያነሰ ሥቃይ ያለው መንገድ ነው፤ በአካባቢዎ ጠመንጃ መተኮስ መፈቀዱን አስቀድመው ማጣራት ግን የእርስዎ ግዴታ ነው። ጠመንጃ የሌለው ሰው ፈቃድ ያለው አጥማጅ ከሥራው መጀመሪያ ጀምሮ አብሮት ይኑር እንጂ ከተያዘ በኋላ መላ አይፈልግ። ካዮቲው ሰው ወይም ውሻ ነክሶ ከሆነ ጭንቅላቱን አይተኩሱት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምርመራ የሚደረገው በአንጎሉ ነው። ሬሳውንም በጓንት እንጂ በባዶ እጅ አይንኩ። በሕይወት ጭኖ ሌላ ቦታ መልቀቅ በቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት የተከለከለ ነው።

የተያዘው ውሻ ከሆነ ብርድ ልብሱን ከጭንቅላቱ ላይ ይጣሉበት፤ አንድ ሰው በዘንጉ አንገቱን ይዞ መሬት ላይ ሲያቆየው ሌላው የወጥመዱን ሁለት ክንዶች እኩል በእግሩ ረግጦ መንጋጋውን ይክፈት። እግሩን አይተው ለባለቤቱ ወዲያው ይንገሩ። ይህን ሁሉ ለማቃለል ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት አዋሳኝ ጎረቤቶችዎን ስለ ወጥመዱ ማሳወቅ፣ የራስዎን ጠባቂ ውሾችም በእነዚያ ሌሊቶች ከመንጋው ጋር በረት ውስጥ መዝጋት ያስፈልጋል።

የሚደጋገሙ ስሕተቶች

አንደኛው ትዕግሥት ማጣት ነው፤ ሥጋውንና ወጥመዱን በአንድ ቀን የሚያስቀምጥ ሰው የሚይዘው ብዙ ጊዜ ራኩን ነው። ካዮቲው ወጥመዱን ቆፍሮ ገልብጦት ካገኙ ሁለት ምክንያት አለው፦ ወይ ወጥመዱ ይነቃነቃል፣ ወይ ሽታ ይዟል። ሌላ ንጹሕ ወጥመድ በዚያው ቀዳዳ ፊት አጽንተው ያስቀምጡ፤ ሽታ የያዘውን ግን ሳይቀቅሉ አይመልሱት። ዱካው ከሽፋኑ ላይ አርፎ ወጥመዱ ካልተለቀቀ ደግሞ አፈሩ ረጥቦ ደርቋል ወይም መርገጫው ሥር ጠጠር ገብቷል፤ ከዝናብ በኋላ ሁልጊዜ ከሥሩ አንሥተው በደረቅ አፈር ያድሱት።

ሌላው ስሕተት ወጥመዱን ፍየሎቹ በሚግጡበት አጥር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ፍየል አዲስ የተቆፈረ አፈር ሲያይ ሳይመረምር አያልፍም፤ ስለዚህ ከአጥሩ ውጭ ይሥሩ፤ ይህ ካልተቻለ መንጋውን ከዚያ መስክ ያስወጡ። በአንድ ቦታ ከአንድ በላይ ካዮቲ ለመያዝ የሚሹ ደግሞ የመጀመሪያው የተያዘበትን የተቆፋፈረ ክብ አያጽዱት፤ የእንስሳው ሽታ ስላለበት ሌላው ይመጣበታል፤ አዲሱን ወጥመድ በክቡ ጠርዝ ላይ ያድርጉ።

ሥራው ሲያበቃ

ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ካዮቲ በካሜራው ካልታየ ወይም የመውለጃው ወቅት ከደረሰ ቦታውን ይዝጉ። ወጥመዶቹን ቆጥረው ያንሡ፤ ያስቀመጡበትን ሁሉ አስቀድመው በስልክዎ ካርታ ላይ ምልክት ካደረጉ አንዱ ተረስቶ አይቀርም። የተረፈውን ሥጋ ጉድጓዱ ውስጥ ኖራ ነስንሰው በአፈር ይድፈኑት፤ ግንዱን ከላይ መልሰው የዱር አሳማ እንዳይቆፍረው ለጥቂት ሳምንት ይተዉት። ካሜራውን ግን አንድ ወር ያህል በቦታው ያቆዩት፤ ከማባበያው መነሣት በኋላም የሚመላለስ ካዮቲ ካለ ወደ በረትዎ የሚገባበትን የአጥር ቀዳዳ የሚያሳይዎት እርሱ ነው፤ ያንን ቀዳዳ ከሥር በሽቦ መረብ ይዝጉት።